ያልጠራችው ስም

የአጎቷ የፐርሲ ማኅበርተኞች ሮሼል ስለ ኳስ ታውቃለች ብለው አምነው አያውቁም። የቀቀለችላቸውን ሽሪምፕ ጣታቸውን እየላሱ ይበላሉ፤ «ያ ሯጭ ቁርጭምጭሚቱ አልዳነም፣ እንዳትወስዱት» ስትላቸው ግን እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ። ሯጩ ጥቅምት ላይ ሲያነክስ፣ እሷ ነግራን ነበር የሚል አንድ አፍ አይገኝም። ኳስ ለማወቅ ጢም ማብቀል የሚያስፈልግ ይመስል!

እሷ እንደሆነች ይህን በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን የአሜሪካ ኳስ ከልጅነቷ ጀምራ አይታዋለች። በከተማቸው በሴንት ኦዲል እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴሌቪዥን የማይከፈትበት ቤት የለም። አገዳ ቆራጩም፣ ፓስተሩም፣ ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊቶችም ኳሱን ብብቱ ሥር ቀብሮ የሰው ግድግዳ የሚሰነጥቀውን ሯጭ እያዩ ይሳደባሉ፣ ያለቅሳሉ። ሮሼል አታለቅስም፤ ታያለች። ማየት ሌላ ነገር ነው።

የፐርሲ ማኅበር ፋንታሲ የሚባለውን የነጥብ ጨዋታ የሚጫወቱ አሥራ ሁለት ወንዶች ነበሩ። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ከፐርሲ ፀጉር ቤት ጀርባ፣ የመኪናው መጠለያ ሥር ይሰበሰባሉ። ተራ በተራ የእውነተኛ ተጫዋች ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ለጠሪው ይሆናል። ከዚያ በየሳምንቱ ያ ልጅ ሜዳ ላይ የሮጠው ሁሉ ለጠሪው ነጥብ ነው። ልጁ ይሰበር፣ ይድማ፣ ጠሪው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነጥቡን ይለቅማል። መጀመሪያ የተጠራ ዋጋው የከበረ ነው። ወደ መጨረሻ የተጠራ ገበያ ሊበተን ሲል እንደተረፈ ቲማቲም ነው።

የመጀመሪያው ተራ ለማንም ይድረስ ለማን፣ የሚጠራው ስም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ጄቮን ሌዱ። የከተማው ልጅ ነዋ! ጠሪው የበረዶ ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ስሙን ይጮኻል፣ ሌሎቹ ጠረጴዛውን በቡጢ ይደበድባሉ። ልማዳቸው ነው።

ጄቮን ያን ልማድ ይወደው ነበር። ምክንያት አለው። ኮሌጅ ጨርሶ ትልልቆቹ ክለቦች ወጣቶችን በስም እየጠሩ በሚወስዱበት ጊዜ፣ እናቱ ሚስ ኢርማ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተው፣ ልጃቸውን አዲስ ሱፍ አልብሰው ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጡት። ስም ሲጠራ ዋለ። የሱ ስም ሳይጠራ ቀረ። አጭር ነው ተባለ፣ ቀርፋፋ ነው ተባለ። እንግዶቹ ሳህናቸውን እያስቀመጡ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። ሚስ ኢርማ ኮቱን ከላዩ ላይ እያወለቁለት፣ «አልፈለጉህም። ይህን ሆድህ ውስጥ ቅበረውና ሩጥበት» አሉት።

ሮጠበት። በጓሮ በር አንድ ክለብ ገባና ፊቱ የቆመውን ሁሉ እየጣሰ ዋና ሯጭ ሆነ። ሰዎች ልብ አለው ይሉታል። ልብ አልነበረም፤ ቂም ነበር።

ከሮሼል ጋር ያገናኛቸው ጭቃ ነው። እሷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። አንድ የመጋቢት ጠዋት በአገዳው መሃል በምታልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ መኪና ተጋድሞ አገኘች። ጥሩምባዋን ነፋች። ቢቸግራት መስኮቱን ከፍታ አንገቷን አወጣች።

«አንተ! መንገዱ የእናትህ ጓሮ መሰለህ?»

«ይቅርታ፣ ጎማው ሰምጦብኝ ነው።»

«ልጆች ጭኛለሁ። ውረድና ግፋ!»

«እኔ ነኝ የምገፋው? ማን እንደሆንኩ አላወቅሽኝም?»

«አወቅሁህ እንጂ። በግራ በኩል ባዶ ሜዳ እያለልህ ቀኝ ቀኙን ሰው መሃል የምትሰነቀረው ልጅ ነህ።»

አውቶቡሱ በልጆች ሳቅ ተናጋ። ጄቮን አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ነጭ ጫማውን ይዞ ጭቃው ውስጥ ገባ፣ ገፋ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ገፋ። በማግስቱ እዚያው ቦታ ያለ መኪና ቆሞ ጠበቃት።

«ግራውን እንደምሸሽ ማን ነገረሽ?» አለ በመስኮቱ በኩል።

«ዓይኔ።»

«ለስንት ሰው ነግረሻል?»

«ለአሥራ ሁለት። አንዱም አላመነኝም።»

እንዲህ ተጀመረ። ጨዋታ በማይኖርበት ወር ሁሉ ይመጣል። ቤቷ ከእናቱ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሌላው ሰው ከእሱ ፎቶ ይፈልጋል፣ ነጥብ ይፈልጋል፤ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የማያውቀው ሰው «ባለፈው እሁድ በአንተ የተነሳ ተሸነፍኩ» ብሎ ይቆጣዋል። ሮሼል ቀይ ባቄላ በሩዝ ትሰጠውና ዝም ትላለች። እሱም በልቶ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። እሷ ያን እንቅልፍ ትወደው ነበር። አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ትልልቅ እጆቹ ጭኑ ላይ ተዘርግተው፣ ከማንም ጋር ያልተጣላ ሰው ይመስላል።

በሁለተኛው ዓመት ቀለበት አሰረላት።

ሐምሌ ላይ ደረጃዋ ላይ ተቀምጠው ሐብሐብ እየበሉ ነው።

«ሮሼል።»

«አቤት።»

«ጠዋት ስነሳ እፈልገዋለሁ፤ የለም።»

«ምኑ?»

«ንዴቱ።» የሐብሐቡን ፍሬ ተፋ። «ድሮ ኳሱ እጄ ሲገባ የናቁኝ ሰዎች ፊት ይመጣብኛል። አሁን የሚታየኝ ሳሩ ብቻ ነው። አንዱ ግዙፍ እየሮጠ ሲመጣብኝ፣ 'ወንድሜ፣ ምን አደረግሁህ?' ልለው ይቃጣኛል።»

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ደክሞኛል» አለ። «ገና ጨዋታው ሳይጀመር ደክሞኛል። አንቺ ነሽ መሰለኝ ያጠፋሽው። ማን ላይ ልናደድ? ቤት ስመጣ አንቺ አለሽ።»

«እና ተወዋ።»

«ልተወው? ነሐሴ መጨረሻ ላይ ክለቡ ከእኔና ከአንድ አዲስ ልጅ አንዳችንን አስቀርቶ ሌላውን ያሰናብታል። ልጁ እንደ ፌንጣ ነው የሚዘለው። ካላስቀሩኝ እናቴ…» አንገቱን ወደ ማዶው በረንዳ መለሰ። ሚስ ኢርማ በየዓመቱ የሚወጣውን፣ ስሙ ያለበትን ማሊያ ለብሰው አበባ ያጠጣሉ። «ለማንም እንዳትነግሪ። በተለይ ለእሷ።»

«አልነግርም» አለች።

የዚያ ዓመት ነሐሴ ከማኅበሩ አንድ ሰው ወደ ሂውስተን ተዛወረና ወንበር ጎደለ። ፐርሲ ራሱን እያከከ፣ «እንግዲህ የኔ ልጅ፣ አንቺው ተቀመጪ። ግን ሽሪምፑን ቀቅለሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው» አላት። ቀቅላ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈ ጋዜጣ ላይ ከነበቆሎው ገለበጠችና እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ከፐርሲ ባርኔጣ ውስጥ የዕጣ ቁጥር ሲወጣ የመጀመሪያው ተራ ለእሷ ደረሰ።

የአክስቷ ልጅ ዱዊ ስልኩን ደግኖ መቅረጽ ጀመረ። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ጥሪ ለዓለም የሚያሳየው እሱ ነው።

«እህት ዓለም፣ ውጪ ሣጥኑ ላይ! የባልሽን ስም ለመጥራት ስልጠና አያስፈልግሽም።»

«እስቲ ድምፅሽን እንስማው!» አለ ፐርሲ፤ ቡጢዎቹ ከወዲሁ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

ሮሼል ሣጥኑ ላይ ወጣች። ስሙን ልትጠራው አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋው ሰውዬ መጣባት። ስሙን ከጠራች እሷም ከእነዚህ አንዷ መሆኗ ነው። እሁድ እሁድ ሦስት ሰው ሲከመርበት አንገቱን ከማየቷ በፊት ነጥቧን ልታይ ነው። ተነስ ልትለው ነው፤ ለራሷ ስትል። ይህ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፣ አይደበቅም፤ ማሸነፍ ፈልጋ ነበር። ንዴቱ ያለቀ ሯጭ ነጥብ እንደማያመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም፤ እነዚህን የሳቁባትን አፎች አንዴ ብቻ መዝጋት ፈለገች። ሁለቱ ሐሳቦች አንድ ድስት ውስጥ አብረው የበሰሉ ናቸው፤ የትኛው እንደቀደመ እሷም ኋላ ብትጨነቅ መለየት አቃታት።

«ማርሎን ቴት» አለች።

አንድም ቡጢ አልወረደም። ቴት የሌላ ክለብ ሯጭ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ተሳሳትሽ። ድገሚው» አለ ፐርሲ በቀስታ።

«አልተሳሳትኩም።»

«ምን የምታውቂው ነገር አለ?» አለ ዱዊ፤ ስልኩ ፊቷ ላይ ነው።

«የማውቀው ሽሪምፑ እየቀዘቀዘ መሆኑን ነው። ብሉ።»

አልበሉም። ቀጥሎ ባለተራ የነበረው ሰው ሊጠራ አፉን ከፈተ፣ ሮሼልን አያት፣ ሌላ ስም ጠራ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ዓመት ሙሉ ስለ ኳስ አታውቅም ያሏት ሰዎች፣ ያን ቀን ዝምታዋን እንደ ወንጌል አመኑት። ጄቮን እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። ሊጨርሱ ሲሉ ዱዊ፣ «ይሁና፣ የሰፈራችን ልጅ ነው» ብሎ እንደ ምጽዋት አነሳው።

ምስሉ በማግስቱ አገር አዳረሰ። የኳስ ተንታኝ ነን የሚሉ፣ ሴንት ኦዲልን በካርታ የማያውቁ ሰዎች በሬዲዮ ተሳለቁ። «የገዛ እጮኛው ያልፈለገችውን እኛ ምን እናደርገዋለን?» እያሉ። በየከተማው ፋንታሲ የሚጫወተው ሁሉ ጄቮንን ከላይ ወደ ታች ወረወረው። አሠልጣኙም ቢሮ አስጠርቶ፣ የደበቅከን ጉዳት አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ጄቮን ስልክ ሲደውል ሮሼል አውቶቡሷን እየጠረገች ነበር።

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም አላልኩም።»

«ምንም! ከምንም ብትናገሪ ይሻል ነበር።»

«ጄቮን፣ ስማኝ፣ እኔ እኮ…»

«ያን ጊዜ ስሜን ያልጠሩት ሰዎች አያውቁኝም ነበር። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

ዘጋው። መጥረጊያዋን እንደያዘች የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ትንሽ ነው፤ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ደረሰ።

ከመደበኛው ውድድር በፊት የመጨረሻዋን የመሞከሪያ ጨዋታ ከአጎቷ ጋር ፀጉር ቤቱ ውስጥ አየች። ኳሱ ለጄቮን ተሰጠው። አንዱን በትከሻው ገለበጠው፣ ሁለተኛውን እግሩ ሥር ጥሎ አለፈው፣ ሦስተኛው እየተጎተተ ተንጠለጠለበት። ሜዳው መጨረሻ ደርሶ ኳሱን መሬት ላይ ሲያፈርጠው ካሜራው ፊቱን አቀረበው።

«ኧረ እዩት!» አለ ፐርሲ ምላጩን እንደያዘ ተነስቶ። «ልጁ ተመለሰ!»

ሮሼል ያንን ፊት አየች። ማንን እያየ እንደሚሮጥ ለማወቅ ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ክለቡ ጄቮንን አስቀረ፤ ፌንጣውን አሰናበተ።

እሁድ ከጸሎት በኋላ ሚስ ኢርማ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እጇን ያዟት። ትልቅ ቢጫ ባርኔጣ አድርገዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«ምን አደረግሁና ሚስ ኢርማ?»

«ልጄን መለስሽልኝ። እሳቱ ሊጠፋበት ነበር፤ እናት አይደለሁ፣ ሽታው ይደርሰኛል። አንቺ ጋ እየመጣ ባቄላ እየበላ ሲያንቀላፋ ጨነቀኝ። ይኸው ጥሩ አድርገሽ አቃጠልሽው።»

«ለማቃጠል ብዬ አይደለም።»

«ለምንም ብለሽ ይሁን። ሠርቷል።» እጇን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ከዚህ የከፋ ምስጋና ሮሼል ሰምታ አታውቅም።

መኸሩ እንዲህ አለፈ። የአገዳው ማጨጃ መንገዱን እያጨቀየ፣ የፋብሪካው ጭስ ከተማውን በተቃጠለ ስኳር እያጠነ። ጄቮን እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ዱዊ በየሰኞው አውቶቡሷ ጋ መጥቶ ይጨፍራል። «እህት ዓለም፣ በነፃ ሰጠሽኝ እኮ! በምን ልካስሽ?» ማርሎን ቴት ደግሞ ገና በአራተኛው ጨዋታ አንገት አጥንቱ ተሰብሮ ተኛ። ሮሼል ከማኅበሩ ሁሉ መጨረሻ ሆነች። ጢማሞቹ እንደገና ሳቁ። እሷም አንዳንዴ አብራቸው ትስቃለች፤ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣች። ደወለች፤ አያነሳም። ቀለበቷን አላወለቀችም፤ መልሺ ያላትም የለም።

ኅዳር ላይ የሱ ክለብ የማይጫወትበት ሳምንት ደረሰና ጄቮን ወደ ቤት መጣ። ከተማው ጥሩምባ እየነፋ ተቀበለው። የማኅበሩ ሰዎች ሚስ ኢርማ ግቢ ተሰብስበው ዓሣ ይጠብሳሉ። እሱ ከመሃላቸው ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። የሮሼልን ደረጃ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አትገባም?»

«አልችልም።»

«ምነው፣ ደፉ ከፍ አለብህ?»

«አትቀልጂ ሮሼል። ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት።» ምሰሶውን ተደገፈ። አውራ ጣቱ አብጦ እንደ ድንች ሆኗል። ከዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ ጠቁሯል። «አልጠላሁሽም። ግን ይቅር ካልኩሽ አለቀልኝ። እስከ ጥር ድረስ ልናደድብሽ ይገባል።»

«እስከ ጥር?»

«ውድድሩ እስኪያልቅ። ከዚያ እመጣለሁ፣ እንጋባለን፣ ያሻሽን እናደርጋለን። አሁን ግን ፊትሽ ያስፈልገኛል። ያን ቀን እንደቆምሽው፣ አፍሽን ከፍተሽ ስሜን ሳትጠሪ። ኳሱን ሲሰጡኝ እሱን ነው የማየው።»

ከማዶ የዓሣው ዘይት ይንጫጫል፣ ዱዊ በስሙ ይዘፍናል።

«አሁን ተናደህብኛል?» አለችው።

ያበጠ አውራ ጣቱን ማሻሸት ጀመረ።

«እየጠየቅሁህ ነው። አሁን፣ እዚህ ቆመህ።»

«መንገድ ላይ ስነዳ ነበረኝ» አለ። «ደረጃሽ ላይ ስወጣ… ጠፋብኝ።» ዓይኑን ጨፈነ። ምሰሶውን እንደተደገፈ እንቅልፍ ሊወስደው ምንም አልቀረው። «ባቄላ ሠርተሻል መሰለኝ። ሸተተኝ።»

ልትስመው ፈለገች። በጥፊም ልትመታው ፈለገች። አንዱንም አላደረገችም።

«የሚመጣው ዓመትስ?» አለች። «ጥር ላይ ታረቅን እንበል። ነሐሴ ሲመጣ በማን ልትናደድ ነው? ልጅ ስንወልድ በልጁ?»

«እሱን ያን ጊዜ…»

«ዛሬ ነው። እኔ የእግርህ ነዳጅ ልሆን አላገባህም። ያን ቀን ስምህን ያልጠራሁት ከገበያው ላውጣህ ብዬ ነው። ለማሸነፍም ነበር፣ አልዋሽህም፤ ቅጣቴን በልቻለሁ፣ መጨረሻ ነኝ። አንተ ግን ምን አደረግህ? ሐምሌ ላይ 'ደክሞኛል' አልክና ቃሉን እኔ ላይ ጭነህ ሄድክ። አትንገሪ አልክ፤ አልነገርኩም። ሣጥን ላይ ቆሜ አገር ሲስቅብኝ እንኳ አልነገርኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ከዚህ በኋላ አልሸከምልህም።» በሩን በሰፊው ከፈተችና ፍሬሙን ይዛ ቆመች፤ ሳታስገባው። በእጇ ማዶውን አመለከተች። ሚስ ኢርማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ዓይናቸውን ከፀሐይ ጋርደው ወደ እነሱ ያያሉ። «እናትህ ያቻትልህ። ተሻገርና በገዛ አፍህ ንገራት። ከፈለግህ እስከ ጥር ሩጥ፣ ከፈለግህ ነገ ተው፤ እሱ የአንተ ጉዳይ ነው። ንዴት አለኝ ብለህ ግን ከእንግዲህ አትዋሻት። ደክሞኛል በላት፣ ዱዊም ይስማ፣ ፐርሲም ይስማ። ተናግረህ ከመጣህ ምግብህ ምድጃው ላይ ነው፤ እስክትጠግብ ትተኛለህ። ሳትናገር ከተመለስክ ግን ይህን ደረጃ እንዳትረግጥ። ሂድ ጄቮን። አሁኑኑ፣ እያየሁህ።»